ከመሬቴ አልነቀልም፦ የኬዛያ ፓስኮ የድርቅ ወራት

እሑድ፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 1902

ልጄ ጄቤዝ ዛሬ ምሳ ላይ፣ የጥንቸሉን ሥጋ ገና ሳንጨርስ፣ «እማዬ፣ መሬቱን ትተን እንሂድ» አለኝ። እምቢ አልኩት። ይህን ደብተር የከፈትኩት ለዚህ ነው፤ ኋላ «ኬዛያ ፓስኮ ተስማምታ ነበር» የሚል ሰው ቢነሳ በገዛ እጄ የጻፍኩትን እምቢታ ያንብበው።

ደህና ዝናብ ካየን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። ስንዴው ቁርጭምጭሚት ሳይደርስ ቢጫ ሆኖ ቀረ፤ አጨዳው ቀርቶ በጎቹን ለቀቅንበት። ቀጥሎ በጎቹም አለቁ። ጄቤዝ ይህን ሁሉ በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ፣ እኔ እዚህ ያልኖርኩ ይመስል።

«የት ነው የምንሄደው?» አልኩት።

«ባላራት ከተማ። የላቪንያ ወንድም የእህል መጋዘን አለው፣ ሥራ ይሰጠኛል። ላንቺም ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አለ። አርፈሽ ትቀመጫለሽ።»

«አርፎ የተቀመጠ አባትህ ነው፣ ዛፉ ሥር» አልኩት።

ሚስቱ ላቪንያ ሹካዋን አስቀመጠች። ልጆቹ፣ ትልቋ ለቭዴይና ትንሿ ኤፊ፣ አንገታቸውን ደፉ።

ምናልባት አንደበቴ ከረረ። ግን እኔና ባሌ ጃጎ የዛሬ ሃያ ዓመት እዚህ ስንገባ ቤት የለ፣ መንገድ የለ፤ ማሊ የሚሉት ቁጥቋጦ ብቻ ነበር፣ ሥሩ ብረት ነው። እሱ በበሬ በሚጎተት ግንድ ቁጥቋጦውን እየጨፈለቀ ሲሄድ እኔ ከኋላው ጉቶ እነቅል ነበር። ሁለት ጨቅላ ሕፃናት ቀብሬበታለሁ። ጃጎ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ሲሆን መሬቱ በኔ ስም ነው። እኔ ካልፈረምኩ ለመንግሥት መልሶ የሚያስረክበው የለም።

አልፈርምም። ወይ ፍንክች።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 9

ነፋስ። አሸዋው የሰሜኑን አጥር እስከ ሁለተኛው ሽቦ ድረስ ውጦታል። ሁለት ዶሮ ሞተ።

ጭጋጉ አልገለጥ አለ። ከገና ጀምሮ ሜዳው ሁሉ ወተት ውስጥ የተነከረ ይመስላል። ለለቭዴይ ብነግራት «አያቴ፣ ዛሬኮ እስከ እነ ኖስከ ቤት ጣሪያ ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታያል» አለችኝ። የልጅ ነገር። አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፣ አሁንም ጭጋግና ጥራት አትለይም።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14

ጄቤዝ በርሜሎቹን ጭኖ ወደ መንግሥት ኩሬ ሄደ። አሥራ አንድ ማይል መሄጃ፣ አሥራ አንድ ማይል መመለሻ፣ በሳምንት ሁለቴ። ፈረሶቹ ከጫኑት ውኃ ሲሶውን ራሳቸው ይጠጡታል።

ቸሪን እኔ አለብኳት። ያለችን ላም እሷ ብቻ ናት። ባልዲው ቦታውን ለቆ ኖሮ ወተቱ መሬት ፈሰሰ። ጥቂት ነው። ባልዲውን ማን እንዳነሳው ጠየቅኩ፤ ሁሉም «እኔ አይደለሁም» አለ። በዚህ ቤት ዕቃ የሚያንቀሳቅሰው መንፈስ ነው መሰለኝ።

ላቪንያ ከኩሽና ለለቭዴይ በሹክሹክታ «በሩን በእጃቸው ሲፈልጉት አላየሽም?» ስትል ሰማኋት። ስለማን እንደምታወራ እንጃ። ጆሮዬ ግን ደህና ነው፤ ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 26

ጎረቤቶቻችን ቶሊቨሮች ሄዱ። ሰባት ሰው፣ አንድ ጋሪ፣ ከላይ የሕፃን አልጋ። ሴትዮዋ ልትሰናበተኝ መጥታ እጄን ይዛ አለቀሰች። «እርስዎም ይምጡ» አለችኝ። እንደ ሞት ቤት ዝም ብዬ አስለቀስኳት። ከሄደች በኋላ ነው አንድ ደግ ቃል መናገር የነበረብኝ መሆኑ ትዝ ያለኝ። አምስት ልጆቿን ያዋለድኩላት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን አቶ ኖስከ መጣ። ጀርመን ነው፤ ሉተራን ነው፤ እኛ ሜቶዲስቶች ነን። በሰማይ አንገናኝም እየተባባልን ሃያ ዓመት በምድር ስንገናኝ ኖርን።

«ወይዘሮ ፓስኮ፣ እርስዎም ዕቃ እያሰሩ ነው ይባላል» አለኝ።

«ማን አለ?»

«ቁራዎቹ።»

«ለቁራዎቹ ይንገሩልኝ፤ መጀመሪያ የርስዎን ሬሳ ይብሉ፣ የሰባ ነው። የኔ አጥንት ነው።»

እስኪያስለው ሳቀ። ሚስቱ ኦቲልየ «ይሄ ሁሉ ሰው ሲሄድ እኛስ?» ብላ ሌሊት እንደማትተኛ ነገረኝ። «ምን አሏት?» ብዬ ስጠይቀው «ወይዘሮ ፓስኮ ስትሄድ እንሄዳለን አልኳት» አለ። ሸክም ጨመረልኝ ሰውዬው።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

ቸሪ ግድቡ ውስጥ ገባች። ውኃው አልቆ ጭቃው ብቻ ቀርቷል። እስከ ሆዷ። ጄቤዝ የለም። ገመድ፣ ሳንቃ፣ አካፋ። እኔና ለቭዴይ ከጧት እስከ ቀትር።

ወጣች። ቆመች። እጄ ብዕር አልይዝም አለ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

ቸሪ ሐሙስ ዕለት ሞተች። ከጭቃው አውጥተናት በሳር እጦት ሞተች።

ጄቤዝ ቆዳዋን ከገፈፈ በኋላ እጁን ታጥቦ ወረቀት አመጣ። ቀኑን መርጦ ነው ልል ነበር፤ አይደለም፣ ቀን የሚመርጥ ሰው አይደለም፣ ደክሞታል። ከመሬት ቢሮ የመጣ ወረቀት ነው፤ ሜዳውን መልሼ ማስረከቤን የሚገልጽ።

«አንብቢውና ፈርሚ» አለኝ።

ተቀብዬ በሙሉ አየሁት። ጊዜ ወስጄ፣ ከላይ እስከ ታች። «እዚህ ውስጥ እውነት የሆነ አንድ መስመር የለም» አልኩና መለስኩለት።

ላቪንያ ቀስ ብላ «እማማ፣ ወረቀቱን ገልብጠው ነው የያዙት» አለች።

«የተገለበጠ ነገር ተገልብጦ ነው የሚነበበው» አልኳት።

ለቭዴይ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች። ጄቤዝ አልሳቀም። ለረጅም ጊዜ አፍጥጦብኝ እንደቆየ አውቃለሁ፤ ሰው ሲያፈጥጥብህ ፊትህ ላይ ይሰማሃል። ኋላ «መነጽርሽ የት ነው?» አለኝ። መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነበር።

የቢሮ ሰዎች ፊደላቸውን ማሳነስ ይወዳሉ። ቀለሙም ገርጥቷል። ለማንኛውም አልፈረምኩም።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 16

ጸሎት በቤታችን ሆነ፤ ሰባኪው አልመጣም፣ ፈረሱ ሞቶበታል። መዝሙሩን በቃሌ ነው የመራሁት።

ዛሬ ሳላስበው አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። መጀመሪያ በገባንባቸው ዓመታት በየበጋው ከወገኖቿ ጋር በዚህ የምታልፍ፣ የዚህ ምድር ተወላጅ አሮጊት ነበረች። ጃጎ በሌለበት ጄቤዝ በትኩሳት ሲወድቅ ቅጠል ቀቅላ ያጠጣችው እሷ ናት። ኔሊ እንላት ነበር። እውነተኛ ስሟን ጠይቄያት አላውቅም። አንድ ዓመት ፖሊስ መጥቶ ሁሉንም በጋሪ ጭኖ ወደ ሚሲዮኑ ጣቢያ ወሰዳቸው። ከጋሪው ላይ ሆና ይህን ሜዳ ዞራ ዞራ ስታይ እኔ የቤቴ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር፣ እጄ ሊጥ እንደነካ።

ምን አልኩ ያኔ? ምንም። አሁን አንድ ወረቀት ሲመጣብኝ ጩኸቴ ባላራት ይሰማል።

ይህን ጽፌ ልሰርዘው ነበር። ይቆይ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24

ከሰሜኑ አጥር ከወደቀው ክፍል ሽቦ ነቅዬ ከኩሽናው በር እስከ ማለቢያው፣ ከማለቢያው እስከ ግቢው ዋና በር ዘረጋሁት፣ በወገቤ ልክ። ጄቤዝ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ልብስ ማስጫ» አልኩት።

«ይህን የሚያክል ልብስ ማስጫ?»

«ወደፊት ብዙ ልብስ ይኖረናል።»

ከኩሽናው እስከ ዋናው በር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ከዚያ የኖስከ አጥር ይቀጥላል፣ አንድ ማይል። እንዲሁ ነው የቆጠርኩት፤ ሰው በመሬቱ ላይ ስንት እርምጃ እንዳለ ማወቅ አለበት።

ሐሙስ፣ ማርች 6

ለቭዴይ መስመሮቼ እርስ በርስ እንደሚደራረቡ ነገረችኝ። ደብተሬን ማን እዪ አላት? ተቆጣኋት። ከዚያ ምንም ሳትመልስልኝ በከሰል ወፍራም መስመር አሰመረችልኝ፣ ጣት የሚያክል። ደህና ነው። ወረቀት ያባክናል እንጂ ደህና ነው።

አሸዋው ከቀረው የሰሜን አጥር ሦስተኛውን ሽቦ ይዟል። ጄቤዝ ስለ ባላራት ማውራት አቁሟል። ከማውራቱ ይልቅ ዝምታው ያስፈራኛል።

ረቡዕ፣ ማርች 12

አቧራ። ሁላችንም አለን። አፌ አሸዋ ነው። ሌላ ቀን።

ዓርብ፣ ማርች 14

እጄ ተመልሷል። የረቡዕን ነገር እንዳለ ላስቀምጠው።

ጄቤዝ ውኃ ሊቀዳ ኩሬው ዘንድ ነበር። ላቪንያ ኤፊን አስከትላ እርሾ ልታመጣ ኦቲልየ ዘንድ ሄዳለች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ዶሮዎቹ በአንዴ ዝም አሉ። ነፋሱም ቆመ። የተቃጠለ አፈር ሸተተኝ። ለቭዴይ ከውጭ «አያቴ! ቀይ ተራራ እየመጣ ነው! ቀይ ተራራ!» ብላ ጮኸች።

ከዚያ ደረሰ። ጣሪያው እንደ ከበሮ ተመታ፤ በሩን ሁለት ሆነን ገፍተን ነው የዘጋነው። ለቭዴይ ፋኖሱን ለኩሳ «አይታየኝም፣ በእጄ ይዤው አይታየኝም» እያለች ታለቅሳለች። ቀን ነው፣ ግን ሌሊት ሆኗል አለችኝ።

«እናትሽ መቼ ነው እመለሳለሁ ያለችው?» አልኳት።

«አሁን። አሁን መንገድ ላይ ናት።»

ልትሮጥ ስትል ቀሚሷን ያዝኩ። «አንቺ ቤት ሁኚ። አንቺ ትጠፊያለሽ።»

«አንቺስ?»

«እኔ አልጠፋም።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልጅቱ አልጠየቀችኝም። ድስት እንድትደበድብ፣ እጇ እስኪዝል እንዳታቆም ነገርኳት። አፍና አፍንጫዬን በእርጥብ ጨርቅ አስሬ፣ ሽቦዬን ይዤ ወጣሁ።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ፤ ዋናው በር። ከዚያ በኖስከ አጥር። አሸዋው ፊቴን እንደ ወንፊት ይበሳዋል፣ ግን መንገዱ ያው ትናንት የሄድኩበት መንገድ ነው፤ ምን ተለወጠ? ችካሎቹን በእጄ እየቆጠርኩ ስማቸውን እጠራለሁ፤ ላቪንያ! ኤፊ! ሰባ አራተኛው ችካል ላይ ትንሽ ሳል ሰማሁ። ከሽቦው ወዲያ፣ ሜዳው ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ፈራሁ። አልዋሽም። ሽቦውን ከለቀቅኩ ምንም የለኝም። ጥቂት ቆሜ ነፋሱ የት እንዳለ አዳመጥኩ፤ ግራ ጉንጬን ነው የሚመታኝ። ነፋሱን በግራ ጉንጬ እንደያዝኩ ሽቦውን ለቀቅኩ። ሃያ ስድስት እርምጃ ሄጄ እግሬ ሰው ነካ።

ላቪንያ ኤፊን ሥሯ አድርጋ በሆዷ ተኝታለች። የኤፊ ባርኔጣ በርሮ፣ ልጅቷ ተከትላው፣ እናት ልጇን ተከትላ፣ አጥሩን አጡት። የላቪንያን ሻል ከሽርጤ ጋር አሰርኩት፣ ኤፊን አዘልኩ፣ ነፋሱን በቀኝ ጉንጬ አድርጌ ተመለስኩ። ሃያ ስድስት ላይ ሽቦ የለም። ሃያ ሰባት፣ የለም። ሃያ ዘጠኝ ላይ ደረቴን መታኝ። እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ሽቦ የለም።

መንገድ ላይ ላቪንያ ጆሮዬ ሥር «እማማ፣ በምን አዩን?» አለችኝ።

«ዝም በይ፣ አቧራ ትውጫለሽ» አልኳት።

የለቭዴይ ድስት እየመራ አስገባን። እጇ ደም ሆኗል፣ አላቆመችም።

እሑድ፣ ማርች 16

ጄቤዝ አቧራው ሲይዘው ከፈረሶቹ ሥር ተኝቶ ነው የተረፈው። ሐሙስ ጧት ገባ። ዛሬ ከጸሎት በኋላ ላቪንያ አንድ ነገር ልናገር ብላ ተነሳች። በትዳሯ አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ስትቆም አላውቅም።

«ጄቤዝ፣ እናትህ አያዩም» አለች። «ከገና ጀምሮ አውቄ ዝም ብያለሁ። ባልዲውን የሚያነሳው ማንም የለም። ሽቦው የልብስ ማስጫ አይደለም። እኛ ዓይን ያለን ስንጠፋ ያወጡን በዚያ ነው።»

ጄቤዝ ተነስቶ ፊቴ መጣ። እጁ አየሩን ሲቀዝፈው ተሰማኝ። «እማዬ፣ ይሄ ስንት ነው?»

«እናቱ ፊት ላይ ጣቱን የሚቀስር ባለጌ፣ ብዛቱ አንድ ነው» አልኩት።

ኤፊ ሳቀች፤ ሌላ ማንም አልሳቀም። ልጄ ጉልበቴ ላይ ግንባሩን ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። «ለምን አልነገርሽኝም?» ይላል። ብነግረው ኖሮ ገና ዱሮ ባላራት፣ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ፀሐይዋን ምን ላደርጋት?

ላቪንያ ክፉ አይደለችም። ይህን ቀደም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ወደ ሦስት ወር ሸፍናኛለች፣ እኔ ደግሞ ከኋላዬ የምታሾልክብኝ መስሎኝ ነበር።

ለማንኛውም አቧራ ነው፤ ዓይኔ አቧራ ገብቶበታል። ያልፋል።

ቅዳሜ፣ ማርች 22

ከተማ ወሰዱኝ፣ ዎርንጋ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ድምፁ ገና አልጎረመሰም። ሻማ አቀረበ፣ አራቀ። ረጅም ነገር ተናገረ። ወጣት ሐኪም ብዙ አያውቅም። ጄቤዝ በመንገዱ ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ በየጉድጓዱ ላይ ግን ክንዴን ይይዘኝ ነበር።

እሑድ፣ ማርች 30፣ ትንሣኤ

ተቆረጠ። ጄቤዝ ዝናብ እስኪመጣ መጋዘኑ ውስጥ ይሠራል። ላቪንያና ኤፊ አብረውት ይሄዳሉ፤ ኤፊ ከአቧራው ወዲህ ሳሏ አልቆመም። እኔንም ሊወስዱኝ ሳጥኔን አወጡ።

ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩበት።

«እማዬ፣ ብቻሽን ትሞቻለሽ» አለ ጄቤዝ።

«ሞቼ እገኛለሁ፣ ግን እዚህ ነው የምገኘው። እዛ የማላውቀው ግድግዳ ስዳስስ ነው የምኖረው። እዚህ እያንዳንዷን ድንጋይ አውቃታለሁ። ባላራት ብሄድ ነው ዕውር የምሆነው፣ ገባህ? እዛ ነው ዕውር የምሆነው!»

ቃሉ ከአፌ አመለጠ።

ያኔ ለቭዴይ «እኔም አልሄድም» አለች። አባቷ ጮኸባት። «ጩህ» አለችው። «አያቴ ከዚህ ስትነቀል እኔም እነቀላለሁ። ድስት መደብደብ የሚችል ሰው ያስፈልጋታል።»

ላቪንያ ረጅም ትንፋሽ ወሰደች። «ከማን ወረሰችው ይሄን ግትርነት?» አለች።

እኔ ዝም አልኩ። ጊዜው ዝም የሚባልበት ነበር።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 2

ሄዱ። ኤፊ እስከ በሩ ድረስ አንገቴን አልለቀቀችም። ላቪንያ እጄን ሳመች፤ እኔም ሳምኳት፣ በፊት አድርጌው አላውቅም። የጋሪው ድምፅ የኖስከ አጥር ማብቂያ ድረስ ተሰማኝ። ከዚያ ወዲያ ነፋስ ብቻ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 6

ይህን የምትጽፈው ለቭዴይ ናት። እኔ እየነገርኳት ነው። እጄ ሥራ ስለበዛበት ነው እንጂ መጻፍ አቅቶኝ አይደለም።

(አያቴ ትናንት በቀለሙ ፋንታ ብዕሩን ሻይ ውስጥ ነክራ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፋለች። እንዳትጽፊው ብላኛለች። ጽፌዋለሁ። ለቭዴይ።)

የምን ሹክሹክታ ነው፣ ምን ጨመርሽ? ምንም አለች። እንቀጥል። በርሜሉ ውስጥ አራት ጣት ውኃ አለ። አቶ ኖስከ ዛሬ አንድ በርሜል አምጥቶልናል። «የሉተራን ውኃ ነው፣ ይጠንቀቁ» አለኝ። «ጥምቀቱ ካልያዘኝ እጠጣዋለሁ» አልኩት። ለቭዴይ ሌሊት እናቷን ናፍቃ ታለቅሳለች፤ የማልሰማ ይመስላታል። ይህንንም ጻፊ። ጻፊ ብዬሻለሁ። ልጅን ከእናቷ ለይቼ ያስቀረሁት በኔ እልህ ነው። ልክ ባልሆንስ?

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15

ዛሬም የምትጽፈው ለቭዴይ ናት፣ በቀለም።

ጧት ጋሪ ሰማን። ለቭዴይ «ኖስከ ነው» አለች። «አይደለም» አልኳት። «የቀኙ ጎማ ያጉረመርማል፤ የኛ ጋሪ ነው።»

ጄቤዝ ብቻውን ነው። ወርዶ ምንም ሳይናገር ፈረሶቹን ፈታ። አንድ ከባድ ነገር መሬት ሲያወርድ ሰማሁ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ስድስት ጊዜ። ሄጄ ዳሰስኩት። ከረጢት ነው። እጄን ከተትኩበት። ስንዴ፤ ደረቅ፣ ሙሉ ፍሬ፣ የዘር ስንዴ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ላቪንያ ናት። ወንድሟን አምስት ቀን አላስተኛችውም። ለድርቅ ምድር ዘር አልሰጥም፣ ለወፍ መጣል ነው ቢላት፣ በሩ ላይ ቁጭ ብላ እምቢ አለች። ኤፊም ተሽሏታል።» «መልእክት ልካልሻለች። ‹ለእማማ ንገራቸው፤ እሳቸው ሳያዩኝ አገኙኝ፣ እኔም ሳላምን ልኬላቸዋለሁ› ብላለች።»

መናገር አቃተኝ። በዕድሜዬ ስንት ጊዜ መናገር እንዳቃተኝ ጃጎ ቢኖር ይመሰክር ነበር።

«አንተስ ለምን አልቀረህም?» አልኩት በመጨረሻ።

«መጋዘን ውስጥ ጣሪያ አለ» አለ ልጄ። «ቀና ስል ሰማይ የለም። ደመና ይኑር አይኑር አላውቅም። እንዲያ መኖር አቃተኝ።»

ቅዳሜ፣ ሜይ 3

ዝናብ አልመጣም። ጎረቤቶች ዝናብ ሲመጣ እንዘራለን ይላሉ። እኔ ደግሞ ዝናቡ ሲመጣ ዘሩን መሬት ውስጥ ያግኘው አልኩ። ጄቤዝ እንደ ወትሮው ይከራከረኛል ብዬ ስጠብቅ ፈረሶቹን ጠመደ።

እሱ ያርሳል፣ እኔ እዘራለሁ። በማሽኑ አይደለም፣ ማሽኑ ተሰብሯል፤ በእጅ ነው፣ በኮርንዋል ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር እንደዘራሁት፣ ሽርጤን ሞልቼ። በእጅ መዝራት ዓይን አይፈልግም፤ እግርና ክንድ እኩል መሄድ አለባቸው፣ በቃ። ለቭዴይ ከማሳው ማዶ ቆማ ትዘፍናለች፤ ወደ ድምፅዋ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ። ስደርስ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብላ ወደ ሌላው ማዶ ትሮጥና እንደገና ትዘፍናለች። እንዲህ ስንመላለስ ዋልን። ዘፈን ሲያልቅባት የአቶ ኖስከን የጀርመን መዝሙር ጀመረች። ሰውዬው አጥሩ ጋ ቆሞ ሲያየን ኖሮ «ይህ ስንዴ ሉተራን ሆኖ ነው የሚበቅለው!» ብሎ ጮኸ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወይዘሮ ፓስኮ፣ ደረቅ አፈር ላይ?» አለኝ።

«ደረቅ አፈር ላይ።»

«እንግዲያ እኔም ሰኞ እጀምራለሁ» አለ።

አሁን አሥር ሰዓት ሆኗል። ደጃፉ ላይ ተቀምጠናል፣ እግሬን ሙቅ ውኃ ውስጥ ከትቼ። ጄቤዝ የፈረሶቹን መሣሪያ እየጠገነ ነው፤ ያፏጫል። ለመጨረሻ ጊዜ ያፏጨው መቼ እንደነበር አላስታውስም። ለቭዴይ ደብተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ «ዛሬ ምን ልጻፍ?» አለችኝ።

«ዓይኔ አያይም ብለሽ ጻፊ» አልኳት።

ብዕሯ ቆመ። ፉጨቱም ቆመ።

«እርግጠኛ ነሽ፣ አያቴ?»

«ጻፊው። ዓይኔ አያይም፣ የሚመለስም አይደለም፤ ሐኪሙ ነግሮኛል፣ ሰምቼዋለሁ። ከሱ ቀጥሎ ነገ ሰንበት ነው፣ ከነገ ወዲያ የታችኛውን ማሳ እንዘራለን ብለሽ ጻፊ። ሁለቱንም በአንድ መስመር ላይ አድርጊልኝ።»